የጠረጴዛ ላይ ጦርነት፤ ትምህርቱና ጕድለቱ

አንድ ሰው ወደ አንድ ክፍል ገብቶ አምስት ወይም ስድስት ትልልቅ ሰዎች ሰፊ ጠረጴዛ ከበው፥ አንዱ በሜትር ርቀት ሲለካ፥ ሌላው ዳይስ ሲጥል፥ ሦስተኛውም ከጣት የማይበልጥ ባለቀለም ወታደር አንሥቶ በጥንቃቄ ሲያራምድ ቢያገኛቸው፥ «እነዚህ ሰዎች ልጅነታቸውን ገና አልጨረሱም» ብሎ ሳይፈርድ አይቀርም። ፍርዱ ግን የችኰላ ፍርድ ነው። ይህ ጨዋታ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው፤ የጦር አዛዦች ተምረውበታል፤ አንዳንዶቹም ትምህርቱን ባለመቀበላቸው ተጐድተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጨዋታው ምን እንደ ሆነና ከየት እንደ መጣ ባጭሩ ገልጾ፥ ምን እንደሚያስተምርና ምን እንደሚሰውር ለአንባቢ ማሳየት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወታደሮቹና ቀለማቸው

ጨዋታው ሁለት ሥራ አለው፤ አንደኛው ወታደሮቹን ቀለም መቀባት፥ ሁለተኛውም ማዋጋት ነው። ወታደሮቹ ቀድሞ ከእርሳስ ይሠሩ ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኞቹ ከፕላስቲክ ወይም እርሳስ ከሌለበት የቆርቆሮ ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። የተለመደው ቁመት 28 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፥ ብዙ ጦር ለማሰለፍ የሚሻ ሰው 15 ወይም 6 ሚሊሜትር የሆኑትን ይመርጣል። እንደ ሮማ ሌጌዎንና እንደ ናፖሌዎን ዘበኛ ያሉ ከታሪክ የተወሰዱ አሉ፤ እንደ ዘንዶና እንደ ጠንቋይ ያሉ ከተረት የተወሰዱም አሉ።

ቀለም መቀባቱ ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። በመጀመሪያ ምስሉ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ በጎኑ የቀረው ቀጭን መስመር በቢላዋ ይፋቃል፤ ቅባቱም በሳሙና ይታጠባል። ከዚያም ቀለም እንዲይዝ ጥቁር፥ ነጭ ወይም ግራጫ መነሻ ቀለም ይነፋበታል። ይህ ከደረቀ በኋላ ልብሱም፥ ቆዳውም፥ መሣሪያውም በየራሳቸው ቀለም በቀጭን ብሩሽ ይቀባሉ። ቀለሙ በውኃ እንደ ወተት እስኪሆን መቅጠን አለበት፤ ወፍራም ከሆነ የፊቱንና የልብሱን ዝርዝር ይደፍነዋልና። ቀጥሎ በጣም የቀጠነ ጠቈር ያለ ቀለም በሙሉ ይፈስበታል፤ ይህም በልብሱ እጥፋት ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ጥላ ይሆናል። በመጨረሻም ብሩሹ ፈካ ያለ ቀለም ተነክሮ፥ ሊደርቅ ጥቂት እስኪቀረው በጨርቅ ከተጠረገ በኋላ፥ ከፍ ከፍ ያሉት ቦታዎች ብቻ ነካ ነካ ይደረጋሉ፤ ብርሃን የወደቀባቸውም ይመስላሉ።

«ጥላ በተፈጥሮ የሚመጣ ሆኖ ሳለ በእጅ መሣል ስለ ምን ያስፈልጋል?» የሚል ቢኖር መልሱ እንዲህ ነው። የአንድ ትንሽ ወታደር ልብስ እጥፋት ጥልቀቱ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ በክፍል ብርሃን የሚጥለው ጥላ ከአንድ ክንድ ርቀት አይታይም። ስለዚህ ቀቢው ትንሹ ሰው ትልቅ ቢሆን ኖሮ ሊኖረው የሚገባውን ጥላ ራሱ ያበጅለታል።

መቶ ወታደር ያለው ጦር፥ ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ቢፈጅ፥ መቶ ሰዓት ይጠይቃል። በዚህም ጊዜ ውስጥ ቀቢው ሳያስበው ተመራማሪ ይሆናል። የክፍለ ጦሩ የአንገት ልብስ ቀይ ነበርን ወይስ ቢጫ? ቦርሳውን በየትኛው ጎኑ ያንጠለጥል ነበር? ይህን ለማወቅ መጽሐፍ ይገልጣል፤ ሥዕል ይመረምራል፤ ከሙዚየም ይሄዳል። ብዙ ሰው ወደ ታሪክ ንባብ የገባው በዚህች ጠባብ በር ነው።

ዳይሱ ምን ይሠራል?

በጦርነቱ ጊዜ ተጫዋቾቹ በየተራ ወታደሮቻቸውን ደንቡ በፈቀደው ርቀት ልክ ያንቀሳቅሳሉ። የተኵሱን ውጤት ግን የሚወስነው፥ በስድስት ፊቱ ከ1 እስከ 6 ነጥብ ያለበት ዳይስ ነው። ለምሳሌ 10 ጠመንጃ ያዦች ቢተኵሱ 10 ዳይስ ይጣላል እንበል። ደንቡ «4፥ 5 ወይም 6 የወጣለት መትቷል» የሚል ከሆነ በአማካይ 5 ይመታሉ። ጠላት ከግንብ ጀርባ ሆኖ 6 ብቻ የሚመታው ከሆነ ግን ከ10ሩ በአማካይ ሁለት እንኳ አይሞሉም። ደግሞም አማካይ ማለት እርግጠኛ ማለት አይደለም። በሜዳው ተኵስ ከ10ሩ አንድም አለመምታት ከ1,024 ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደርስ ነው፤ በግንቡ ተኵስ ግን ከመቶው 16 ጊዜ ያህል ይደርሳል። ጥሩ ተጫዋች ይህን ዐውቆ ዕቅዱን ያወጣል፤ መጥፎ ተጫዋች ግን 6 ይወጣልኛል ብሎ ተስፋ በማድረግ ይዘምታል።

ከዚህም በላይ ብዙ ሰው የሞተበት ክፍል የመንፈስ ጽናት ፈተና አለበት፤ ዳይሱ ካልቀናው ወደ ኋላ ይሸሻል። የእርሳስ ወታደር ፍርሃት የለውምና ደንቡ ፍርሃትን ያበድረዋል።

የጨዋታው አመጣጥ

የብራውንሽቫይግ ከተማ የሒሳብ መምህር የነበረው ዮሐን ክርስቲያን ሉድቪግ ሄልቪግ በ1780 ዓ.ም. 1,617 ካሬ ያለው የጦርነት ገበታ አዘጋጀ። መነሻው የአውሮፓ ሰንጠረዥ ነበር፤ እርሱም ተራራውንና ወንዙን፥ ደኑንና ሜዳውን በቀለም ለየ። ነገር ግን ከሰንጠረዥ የወረሰው አንድ ችግር ነበር፤ ይኸውም ተራ ነው። በጦር ሜዳ ጠላት «አሁን የአንተ ተራ ነው» ብሎ አይጠብቅም።

እዚህ ላይ የአገራችንን ሰንጠረዥ ማስታወስ ይገባል። በእኛ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ «ወረራ» የተባለ ምዕራፍ አለ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፥ እጃቸው በቻለው ፍጥነት፥ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ በዓይኑ እየተከተለ ያንቀሳቅሳሉ። አባቶቻችን ጦርነት ተራ እንደሌለው ከጨዋታቸው ውስጥ አስገብተውታል ማለት ነው።

ፕሩስያውያን ለችግሩ ሌላ መፍትሔ አገኙለት። ባሮን ፎን ራይስቪትስ የተባሉ ሹም በ1812 ዓ.ም. ተራራና ወንዝ የተሠራበትን የጦርነት ጠረጴዛ ለንጉሥ ፍሪድሪክ ዊልሄልም 3ኛ አቀረቡ። የመድፈኛ መኰንን የነበረው ልጃቸው በ1824 ዓ.ም. ጨዋታውን አሻሽሎ ደንቡን አሳተመ። ጠረጴዛው ቀርቶ በ1፡8,000 መጠን በተሣለ እውነተኛ ካርታ ተተካ፤ አንዱ ዙር የሁለት ደቂቃ ውጊያን የሚያመለክት ሆነ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በመካከል ዳኛ መቀመጡ ነው። ሁለቱ ወገኖች ትእዛዛቸውን ለዳኛው ያቀርባሉ፤ ዳኛው ሁለቱንም ባንድነት ይፈጽማል፤ ለእያንዳንዱም ወገን ሊያየው የሚችለውን ብቻ ይነግረዋል። የጠቅላይ ኤታ ማዦሩ ሹም ጄኔራል ፎን ሙፍሊንግ ለማየት የመጡት በቸልታ ነበር፤ ሲመለከቱ ግን ይህ ጨዋታ ሳይሆን የጦር ትምህርት መሆኑን መሰከሩ። ፕሩስያ በ1866 እና በ1870–71 ዓ.ም. ድል ካደረገች በኋላ ሌሎቹ መንግሥታትም ጨዋታውን ለመኰንኖቻቸው ወሰዱት።

ከጦር ሠፈር ወደ ቤት

ጨዋታው ወደ ተራው ሰው ቤት የገባው ወታደሮቹ ሲረክሱ ነው። በ1893 ዓ.ም. የእንግሊዙ የብሪቴንስ ፋብሪካ ክፍት ሆድ ያላቸውን የእርሳስ ወታደሮች ማውጣት ጀመረ። ሥራው እንዲህ ነው፤ የቀለጠው እርሳስ በቅርጹ ውስጥ ይፈስና፥ ከዳር ያለው ሲረጋ የመካከሉ ፈሳሽ ተመልሶ ይደፋል፤ ስለዚህ ወታደሩ ቀላልና ርካሽ ይሆናል። በ1913 ዓ.ም. ታላቁ ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በእነዚሁ ወታደሮችና በአሻንጉሊት መድፍ የሚጫወቱበትን ደንብ በመጽሐፍ አሳተመ። ዌልስ የጦርነት ወዳጅ አልነበረም። ጨዋታውን ጥቂት ጊዜ የሞከረ ሰው እውነተኛው ጦርነት ምን ያህል ግራ የተጋባ ነገር እንደ ሆነ ይረዳል ብሎ ያምን ነበር። በዓመቱ የአንደኛው ዓለም ጦርነት ተነሣ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከዚህ ይልቅ የሚከነክን ነገር አለ። ኢጣልያ በ1935 ዓ.ም. አገራችንን በወረረችበት ዘመን ይኸው ፋብሪካ የንጉሠ ነገሥቱን የክብር ዘበኛና የኢትዮጵያን ዘማቾች፥ እንደዚሁም የኢጣልያን እግረኞች፥ በየሣጥኑ አሰልፎ ለገበያ አቀረበ። የክብር ዘበኛ በማይጨው በመድፍና በአውሮፕላን ቦምብ ሲያልቅ፥ ምስሉ በመስኮት ውስጥ ንጹሕ ለብሶ ቆሞ ነበር። በዚያ ጦርነት የመርዝ ጋዝ ተረጭቷል፤ በሣጥኑ ውስጥ ግን ጋዝ አልነበረም።

ከሁለተኛው ዓለም ጦርነት በኋላ ጨዋታው እየሰፋ ሄደ። ዶናልድ ፌዘርስቶን በ1962 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ ብዙዎችን አስተማረ። በ1971 ዓ.ም. አሜሪካኖቹ ጋሪ ጋይጋክስና ጄፍ ፔረን ባወጡት የመካከለኛው ዘመን ጦርነት ደንብ ላይ ዘንዶና ጠንቋይ ተጨመረ፤ በ1983 ዓ.ም. በእንግሊዝ የወጣው «ዋርሀመር» ደግሞ የተረቱን ጦር በመላው ዓለም አሠራጨው።

ዳኛው ሲያደላና ዳኛው ሲጸና

እንግዲህ የጨዋታው ጥቅም ምን ላይ ነው? ሁለት ምሳሌዎች፥ ሁለቱም ከ1942 ዓ.ም.፥ ይበቃሉ።

በዚያ ዓመት በጃንዋሪ ወር በሊቨርፑል ከተማ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በጊልበርት ሮበርትስ አዛዥነት አንድ ትንሽ ክፍል አቋቋመ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። በክፍሉ ወለል ላይ የመርከቦቹ ጕዞ በጠመኔ ይሣላል፤ ተማሪዎቹ መኰንኖች ግን በሸራ መጋረጃ ተከልለው፥ ባሕር ላይ ያለ አዛዥ የሚያየውን ያህል ብቻ በቀዳዳ ያያሉ። በዚህ ጨዋታ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ከኋላ ተከትለው በንግድ መርከቦቹ መካከል እየገቡ እንደሚተኵሱ ተደረሰበት፤ መከላከያውም እዚያው ወለል ላይ ተሞከረ። እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ 5,000 ያህል መኰንኖች በዚያ ተማሩ። እነዚህ መኰንኖች በጠመኔ ሲሸነፉ አላፈሩም፤ በባሕር ላይ እንዳይሸነፉ ተማሩበት እንጂ።

በዚያው ዓመት በሜይ ወር ጃፓኖች የሚድዌይን ዘመቻ «ያማቶ» በተባለችው የጦር መርከብ ላይ በጨዋታ ፈተኑት። ከጦርነቱ በኋላ የጃፓን መኰንኖች እንደ ጻፉት፥ ዳይሱ ሲጣል አውሮፕላን ተሸካሚዎቹ መርከቦች በ9 ቦምብ ተመትተው «አካጊ» እና «ካጋ» መስጠማቸው ተቈጠረ። የበላይ ዳኛ የነበሩት አድሚራል ኡጋኪ ግን 9ኙን ወደ 3 ዝቅ አደረጉት፤ «አካጊ» ዳነች። የሰጠመችውም «ካጋ» በሚቀጥለው ጨዋታ ተመልሳ ተንሳፈፈች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፥ በጁን መጀመሪያ፥ በእውነተኛው ባሕር ላይ «አካጊ» እና «ካጋ» ከሌሎች ሁለት አውሮፕላን ተሸካሚዎች ጋር ሰጠሙ። እነዚያን የሚያስነሣ ዳኛ አልተገኘም።

ከዚህ የምንረዳው፥ የጨዋታው ዋጋ በማሸነፍ ሳይሆን፥ ሰው የወደደውን ዕቅድ «አይሆንም» የሚለው ዳኛ በማግኘቱ ላይ መሆኑን ነው። አባቶቻችን «መካር የሌለው ንጉሥ አለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ያሉት ይህንኑ ነው። መካሪ ኖሮ፥ ምክሩ በባለሥልጣን እጅ ከ9 ወደ 3 የሚቀነስ ከሆነ ግን፥ ካለመኖሩ አይሻልም።

ጠረጴዛው የማያሳየው

ይሁን እንጂ ዳኛው ቢጸናም ጨዋታው ሁሉን አያሳይም። ለምሳሌ ዓድዋን እንውሰድ። የኢጣልያው ጄኔራል ባራቲየሪ በፌብሩዋሪ 29 ቀን 1896 ዓ.ም. ሌሊት ሦስት ብርጌዶች በየመንገዳቸው፥ አንድም በተጠባባቂነት አሰልፎ ተነሣ። በእጁ የነበረው ንድፍ ካርታ ግን ስሕተት ነበረበት። አልቤርቶኔ እንዲይዝ የታዘዘው «ኪዳነ ምሕረት» የተባለ ኮረብታ በካርታው ላይ አንድ ቦታ፥ በእውነቱ ደግሞ ብዙ ወደ ፊት ርቆ ሌላ ቦታ ነበር። አልቤርቶኔ እውነተኛውን ፍለጋ አልፎ ሄደ፤ ከሌሎቹም ተነጠለ። ውጤቱን የካቲት 23 ቀን በየዓመቱ እናከብረዋለን።

ዛሬ ይህን ጦርነት በጠረጴዛ ላይ የሚጫወት ሰው ግን ሜዳውን ሁሉ እንደ ንስር ከላይ ያየዋል፤ መንገድም አይጠፋበትም። ወታደሩም አይርበውም። ከዓድዋ በፊት በነበሩት ቀናት ሁለቱንም ሠራዊት ያስጨነቀው የስንቅ ማለቅ እንደ ነበረ ታሪክ ይመሰክራል፤ የጠረጴዛው ዘማች ግን ስንቅ የምታዘጋጅለት፥ ውኃ የምትቀዳለትና ቍስሉን የምታጥብለት ሴት ከኋላው የለችም። እህሉ በሠራዊት የተበላበት ገበሬም በጠረጴዛው ላይ ቦታ አልተሰጠውም። ማታ ሁሉም ወታደሮች ከነቀለማቸው ወደ ሣጥናቸው ይገባሉ፤ የሚያለቅስም የለም። ስለዚህ ተጫዋቹ ሣጥኑን ሲዘጋ፥ ከሣጥኑ ውጭ የቀረውን ቢቈጥር ትምህርቱ ሙሉ ይሆንለታል።

ይህን መሞከር የሚፈልግ ጓደኛ ቢኖር ውድ ወታደሮች መግዛት አያስፈልገውም። የለስላሳ ቆርኪ ለእግረኛ፥ የክብሪት ቀፎ ለመድፍ፥ በወረቀት የተሣለ ካርታና ሁለት ዳይስ ይበቁታል። መጋረጃም በነጠላ ይሠራል። በርካሽ የማይገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ወዳጁን «መርከብህ ሰጥማለች» ብሎ፥ ወዳጁ ሲቈጣም ቃሉን የማይለውጥ ዳኛ ነው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት መጀመሪያ እርሱ ይፈለግ።