ቆማ የከረመች ቮልስ ዳገት ላይ ለምን ትደክማለች?

አባቴ ቮልሱን ከጋራዥ የሚያወጣት በዓል ሲደርስ ብቻ ነው። ባለፈው መስቀል እንደ ልማዷ ቶሎ ተነሳች፤ ድምጿም ደህና ነበር። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስንወጣ ግን ነዳጅ በሰጣት ቁጥር ትንፋሽ እያጠራት፣ በሁለተኛ ማርሽ እየተንገጫገጨች ደረሰች። የሰፈሩ ፍርድ አንድ ነበር፦ «ሞተሯ አልቋል፤ ይፈታ።»

እኔ አልተስማማሁም። እየተነዳ የሚያረጅ መኪና ብረቱ ይበላል፤ ቆሞ የሚያረጅ ግን ቀድሞ የሚበላሸው ቤንዚኑና ላስቲኩ ነው። ቤንዚን ሲከርም ቶሎ የሚነሳው ቀላሉ ክፍል ይተናል፣ የቀረው ከኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ወደ ሙጫነት ይለወጣል። ባዶ ቦታ በበዛበት ታንክ ውስጥ ደግሞ እርጥበት ያድርና ብረቱን ያዝገዋል። የቮልስ ታንክ ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ዝገቱ በቀጭን ቱቦ የመኪናዋን ርዝመት አቋርጦ ካርቡሬተር ይደርሳል። እዚያ የሚጠብቀው ዋናው የቤንዚን ቀዳዳ ስፋቱ 1.3 ሚሊሜትር ቢሆን ነው።

መኪናዋ ቆማ ሞተሯ ብቻ ሲዞር ቤንዚን የምታገኘው በሌላ ቀዳዳ በኩል ነው፤ የሚያስፈልጋትም ጥቂት ነው። ስለዚህ ዋናው ቀዳዳ በከፊል ቢደፈንም ድምጿ ያማረ ይሆናል፣ ጉድለቱ የሚታወቀው ዳገት ላይ ነው። በተቃራኒው ቆማም የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ካንዴላዎቹንና የዲስትሪቢዩተሩን መገናኛ ነጥቦች ማየት ይሻላል፤ እነሱም ሲቆሙ ይዝጋሉ።

አዲስ አበባ ላይ የዳገቱ ድካም ጎልቶ ይታያል። ባለ 1300 ሞተሯ ቮልስ 40 ያህል የፈረስ ጉልበት አላት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ግን አየሩ ስስ ነውና ከዚያ ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህሉ ገና ከመነሻው የለም። ከቀረው ላይ ትንሽ ሲጎድል እግር ወዲያው ያውቀዋል።

ሞተር ከመፍታት በፊት ሁለት ቀላል ነገሮች አሉ። ስትደክም የታንኩን ክዳን መክፈት፦ አየር «ሽ» ብሎ ከገባና ጉልበቷ ከተመለሰ የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኗል። ሌላው፣ ጥቂት ነድቶ እጅን ወደ አራቱ ቸርኬዎች በጥንቃቄ ማስጠጋት፦ አንዱ ለይቶ ከጋለ ፍሬኑ ይዟል፣ ሞተሩ አልበደለም።

የቤንዚን ላስቲኩን ግን ማንም ሰው ሳያይ አይለፍ። የደረቀ ላስቲክ ተሰንጥቆ በጋለ ሞተር ላይ ሲያንጠባጥብ እሳት ይነሳል፤ የቮልስ ሞተር አካል የማግኒዚየም ቅይጥ ስለሆነ ከተያያዘ በውሃ አይጠፋም፣ እንዲያውም ይብሳል። የኛ ላስቲክ ሲታጠፍ ስንጥቁ አፉን ከፈተ። በዚያው ቀን ቀየርነው።

ካርቡሬተሯን ስንከፍት ታችኛው ጎድጓዳ ላይ የቡና አተላ የሚመስል ቡናማ ደለል ተኝቷል። አጽድተን ገጠምን፤ በሳምንቱ ያው ድካም ተመለሰ፣ ምንጩ ታንኩ ነበርና። አውርደን አጠብነው፣ አዲስ ማጣሪያም አስገባንላት። ለጥምቀት ሽሮ ሜዳን በሦስተኛ ማርሽ ወጣች።