በምዕራብ ጎጃም ገጠር ስለ ንቅሳት ጉዳት

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር የአንገትና የድድ ንቅሳት ከጥንት ጀምሮ የሴት ልጅ ጌጥ ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬም ጨርሶ አልቀረም። ነቃሿ የኩራዝ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ትለውስና ቆዳውን በመርፌ ወይም በእሾህ እየወጋች ታስገባዋለች።

ጉዳቱ የሚመጣው ከጌጡ ሳይሆን ከአሠራሩ ነው። ልጃገረዶች በአንድ መርፌ ሲነቀሱ የአንዷ ደም ወደ ሌላዋ ይገባል፤ በዚህም ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊተላለፉ ይችላሉ። መርፌውን በውኃ አለቅልቆ መጠቀም አያድንም። ያልጸዳ መሣሪያ ቁስሉን ያመረቅዘዋል፤ መንጋጋ ቆልፍም ሊያስከትል ይችላል።

ይሁን እንጂ ለውበት ሲባል ቆዳን መውጋት በሐኪም እጅ ሲሆንም አደጋ አለበት። በውጭ አገር ከሆድ የተቀዳ ስብ በመርፌ ወደ መቀመጫ ይተላለፋል። መርፌው እስከ ጡንቻ ጠልቆ ስቡ ከደም ሥር ከገባ ሳንባን ዘግቶ ይገድላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት ከ3,000 ታካሚዎች እስከ 1 ሰው ሊሞት እንደሚችል ገምተው አስጠንቅቀዋል።

ስለዚህ ንቅሳትን ኋላ ቀርነት ብሎ መንቀፍ ተገቢ አይመስለንም፤ እናቶቻችን ያጌጡበት ነው። የምንለው ይህ ነው፦ መነቀስ የምትሻ ሁሉ አስቀድማ ጉዳቱን ትወቅ፤ ለእያንዳንዷም አዲስ መርፌ ይሁን።