ኮምፒውተሩ ሲከፈት «ልጫን» የሚለው መስኮት

የይለፍ ቃል አስገብተን ዴስክቶፑ ገና ሲታይ ትንሽ መስኮት ድቅን ይላል፤ ዊንዶውስ አንድ ፕሮግራም ሊጭን እየተዘጋጀ መሆኑን ይናገራል። ቆየት ብሎ የመጫኛውን ዲስክ አስገቡ ይላል። ዲስኩ የለም፤ «ካንስል» እንለዋለን፤ ኮምፒውተሩ ዳግም ሲከፈት ያው መስኮት ይመጣል። ይህን ያዩ ሰዎች ቫይረስ ገባ ብለው ማሽኑን ፎርማት ያስደርጋሉ። የዓመታት ፎቶና ሰነድ በዚህ ሰበብ መጥፋቱ ያሳዝናል፤ መስኮቱ ብዙውን ጊዜ የጥቃት ሳይሆን የጥገና ምልክት ነውና።

ዊንዶውስ ኢንስቶለር የተባለው ክፍል ፕሮግራም ሲጭን የትኛው ፋይል የት እንደተቀመጠ፣ ሬጂስትሪው ውስጥ ምን እንደተጻፈ ይመዘግባል። ኋላ ፕሮግራሙ ሲጠራ ከተመዘገቡት ቁልፍ ክፍሎች አንዱ ከጠፋ ራሱ ሊጠግነው ይነሳል። ለጥገናው ደግሞ ፕሮግራሙ መጀመሪያ የተጫነበትን ፋይል ሊፈልግ ይችላል። ያ ፋይል በተዋስነው ፍላሽ ላይ ከነበረ ወይም ከዳውንሎድ ፎልደር ከተሰረዘ ጥገናው መንገድ ላይ ይቀራል። የጎደለው ስላልተሟላ በሚቀጥለው ጊዜ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ «ካንስል» የማያስቆመው ለዚህ ነው። ሲ ድራይቭ ሲሞላ ቦታ ለማስለቀቅ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ የተደበቀውን «ኢንስቶለር» ፎልደር የሚሰርዙም አሉ። እባካችሁ አትንኩት። ፕሮግራሞችን ለመጠገንም፣ ለማሻሻልም፣ ለማራገፍም የሚያስፈልጉ ቅጂዎች ያሉት እዚያ ነው።

የታመመውን ፕሮግራም ለመለየት ከግምት ይልቅ መዝገቡን ማየት ይሻላል። «ኢቨንት ቪወር»ን ከፍተን በዊንዶውስ ሎግስ ሥር «አፕሊኬሽን» ውስጥ ስንገባ፣ ምንጩ «ኤምኤስአይ ኢንስቶለር»፣ ቁጥሩ 1001 ወይም 1004 የሆነ ማስጠንቀቂያ እንፈልግ። የፕሮግራሙ መለያ እዚያ የተጻፈው በረጅም ኮድ ስለሆነ ግራ ያጋባል። 1004 ላይ ግን የጠፋው ነገር ከነአድራሻው ይገኛል፤ የፕሮግራሙ ስም ብዙ ጊዜ ከአድራሻው ውስጥ ይነበባል።

መስኮቱ ልክ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚመጣው፣ አብረው ከሚነሱት ፕሮግራሞች አንዱ የተጎዳውን ስለሚጠራ ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ የእነዚህ ዝርዝር በታስክ ማናጀር «ስታርትአፕ» ገጽ ላይ አለ። እዚያ ያልታየው በታስክ ስኬጁለር ሊደበቅ ይችላል፤ ሁሉንም በአንድ ቦታ የሚያሳየው የማይክሮሶፍቱ ነጻ መሣሪያ አውቶራንስ ነው። ጠሪውን ከዝርዝሩ ማጥፋት መስኮቱን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ጉዳቱን አይጠግንም፤ ፕሮግራሙን በእጃችን የከፈትን ዕለት ጥያቄው ይመለሳል። ፕሮግራሙ የሚያስፈልገን ከሆነ ያንኑ ቨርዥን ከአምራቹ አውርደን እንደገና እንጫነው፤ ካላስፈለገን እናራግፈው። አልራገፍም ካለ ማይክሮሶፍት የመጫንና የማራገፍ ችግር የሚፈታ ነጻ መሣሪያ አዘጋጅቷል።

መስኮቱ ፈቃድ የሚጠይቅ ሆኖ አሳታሚው ያልታወቀ ነው ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ «አይ» ብለን፣ መጀመሪያ በአንቲቫይረስ እናስፈትሽ።