ቪትዝ፦ ታሪኳና የዳገት የቁልቁለት ፊዚክሷ

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ለጥቂት ደቂቃ የሚያልፈውን ተሽከርካሪ የሚቆጥር ሰው፣ ከኋላዋ ቆረጥ ያለችውን ትንሿን ቶዮታ ቪትዝ ደጋግሞ ማየቱ አይቀርም። የቤት መኪና ናት፤ በስልክ ጥሪ የሚሠሩ ታክሲዎችም ይገለገሉባታል። ስለ ዋጋዋ የሚወራውን ያህል ስለ አሠራሯ ሲወራ ግን እምብዛም አንሰማም። በዚህ ጽሑፍ አመጣጧን ባጭሩ ከገለጽን በኋላ፣ ከፍታና ዳገት በበዛበት አገራችን የተፈጥሮ ሕጎች በእርሷ ላይ እንዴት እንደሚሠሩ እንመለከታለን።

ቪትዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1999 መጀመሪያ በጃፓን ሲሆን፣ የተካችውም ስታርሌትን ነበር። በአውሮፓ ያሪስ በሚል ስም የተሸጠችው ይህች መኪና ቅርጿን የነደፈላት ሶቲሪስ ኮቮስ የተባለ ግሪካዊ ነው። በጃፓን የ1999–2000፣ በአውሮፓ ደግሞ የ2000 የዓመቱ መኪና ተብላ ተመርጣለች። ሁለተኛው ትውልድ በ2005፣ ሦስተኛው በ2010 መጨረሻ ወጣ። በ2020 ኩባንያው በጃፓንም ያሪስ በሚለው ስም መጠቀም ስለጀመረ፣ ቪትዝ የሚለው ስም እዚያ ላይ አበቃ።

የመጀመሪያዋ ቪትዝ ርዝመት 3.61 ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ርዝመት አምስት ሰው ማስቀመጥ የተቻለበት ዘዴ ከእርሷ በ40 ዓመት ይቀድማል። አሌክ ኢሲጎኒስ የነደፋትና እ.ኤ.አ. በ1959 በእንግሊዝ የወጣችው ሚኒ፣ ሞተሯ በአግድም ተቀምጦ የፊት ጎማዎችን ያሽከረክር ነበር። በዚህም ሞተሩ የሚይዘው ቦታ አጠረ፤ ኃይልን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ረጅም ዘንግም ቀረ። በ1964 ደግሞ ጣሊያናዊው ዳንቴ ጃኮሳ የነደፋት አውቶቢያንኪ ፕሪሙላ፣ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጎን አሰለፈች። ቪትዝም የምትከተለው ይህንኑ አቀማመጥ ነው።

አሁን ወደ ዳገቱ እንምጣ። የመጀመሪያዋ ቪትዝ ሞተር 997 ሲሲ ሲሆን፣ 70 የፈረስ ጉልበትና ቢበዛ 95 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል አለው። እነዚህ ቁጥሮች ግን የባሕር ጠለል ቁጥሮች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሞተሩ በአንድ ምጥ የሚስበው አየር በዚያው መጠን ስለሚሳሳ፣ ሊያቃጥል የሚችለው ቤንዚን ይቀንሳል። ስለዚህ 70ው ወደ 52፣ 95ቱም ወደ 71 ይወርዳል።

ተሳፋሪዎቿን ጨምሮ 1,200 ኪሎ ግራም የምትመዝን ቪትዝ፣ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ትወጣለች እንበል። የመሬትን ስበት ለማሸነፍ ብቻ 13 ኪሎ ዋት ያህል ያስፈልጋታል፤ የጎማው መንከባለል ሲታከልበት 15 ይጠጋል። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር ብቻ እየዞረ ከሆነ ደግሞ፣ በዚህ ከፍታ ሊሰጥ የሚችለው ቢበዛ 15 ኪሎ ዋት ነው። የሚተርፍ ነገር የለም። ነዳጁን አጥብቆ መርገጥ አየር አይጨምርም። መፍትሔው ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ በፍጥነት እንዲዞር ማድረግ ነው፤ ዙሩ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱም ወደ እጥፍ ይጠጋልና። በዳገት ላይ ሞተሩ ሲጮህ «ተጎዳ» ብለው በከፍተኛ ማርሽ የሚያስጨንቁት ሰዎች የሚጎዱት በዚህ መንገድ ነው።

ከዳገቱ ይልቅ ሕይወትን የሚመለከተው ግን ቁልቁለቱ ነው። ከእንጦጦ ወደ መሃል ከተማ ሲወረድ ከፍታው ከ500 ሜትር በላይ ይቀንሳል፤ 500 ብለን እናስላ። መኪናዋ በከፍታዋ ምክንያት የያዘችው ኃይል 5.9 ሜጋ ጁል ያህል ነው። ይህ በአዲስ አበባ ከፍታ 19 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ማርሹን ፎሌ አድርጎ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው፣ ከአየሩና ከጎማው ከተረፈ ይህን ሁሉ ሙቀት በአራት ጎማዎች ፍሬን ላይ ይጭነዋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት ያለበት ዘይት በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ይታመቃል፤ በዚህ ጊዜ ፔዳሉ ሲረገጥ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፣ መኪናዋም አትቆምም። በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ከሙቀቱ ብዙውን ወደ ሞተሩ ያዛውረዋል።

ስለ ግጭትም ጥቂት እንበል። ሁለተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2005 በአውሮፓ በተደረገለት የግጭት ፈተና ለጎልማሳ ተሳፋሪ ጥበቃ አምስት ኮከብ አግኝቷል። ፈተናው የሚመስለው ግን ተቀራራቢ ክብደት ካለው መኪና ጋር መጋጨትን ነው። 1,000 ኪሎ ግራም የሆነች ቪትዝና 3,000 ኪሎ ግራም የሆነ የተጫነ ፒክአፕ፣ እያንዳንዳቸው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየበረሩ ፊት ለፊት ተጋጭተው ቢጣበቁ፣ በፒክአፑ አቅጣጫ በ25 ይቀጥላሉ። የፒክአፑ ፍጥነት በ25 ሲለወጥ፣ የቪትዟ ግን በ75 ይለወጣል። ተሳፋሪው ላይ የሚያርፈው ኃይልም ከዚሁ ለውጥ ጋር ያድጋል። ይህን የሚቀይር ኮከብ የለም፤ ፍጥነትን መቀነስና የኋላ ተቀማጮችም ጭምር ቀበቶ ማሰር ግን ይቻላል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ግብር ከፍ አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። ስለሆነም ዛሬ በእጃችን ያሉት ቪትዞች እያረጁም ቢሆን ገና ብዙ ዓመት ማገልገላቸው አይቀርም። ባለቤቶቻቸው ለቀለምና ለጌጥ ከሚያወጡት ላይ ቀንሰው የፍሬኑን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ቢያስቀይሩ፣ ሸራውንና የመቀመጫ ቀበቶዎቹን ቢያስፈትሹ፣ በቁልቁለት ላይም ማርሹን ከፎሌ ቢያርቁ፣ የራሳቸውንም የእግረኛውንም ሕይወት ይጠብቃሉ እንላለን።