ጉርምስና በላይክ ሲቆጠር

የአውስትራሊያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንደ ቲክቶክ፣ ኢንስታግራምና ስናፕቻት ባሉ መድረኮች አካውንት እንዳይኖራቸው የሚያግድ ሕግ አጸደቀ። ሕጉ በዲሴምበር 10 ቀን 2025 ሥራ ላይ ውሏል። ቅጣቱ፣ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የሚደርሰው፣ የሚያርፈው በኩባንያዎቹ ላይ እንጂ በልጆቹ ወይም በወላጆቻቸው ላይ አይደለም። ከሕጉ ጀርባ ያለው ጥያቄ ግን ከስልኩ ይቀድማል፤ ልጅ ማንነቱን የሚያገኘው እንዴት ነው?

የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጎረምሳ የእፎይታ ጊዜ ያስፈልገዋል ብሎ ነበር። አንዱን ጠባይ ይሞክራል፣ ይተወዋል፣ ሌላ ያነሳል፤ የሞከረውም ዕድሜ ልክ አይያዝበትም። የእኛም ሽማግሌዎች «ጉርምስና ነው፣ ያልፍለታል» የሚሉት ይህንኑ አውቀው ነው።

የመጀመሪያው ዘመን ኢንተርኔት ለዚህ ሙከራ ይመች ነበር። ሰው በብዕር ስም ገብቶ የፈለገውን ሆኖ ይወጣል። ፌስቡክ እውነተኛ ስምና ፎቶ አመጣ፤ በ2009 ደግሞ የላይክ ቁልፍን ጨመረ። ያኔ ሙከራው ውጤት ይሰጠው ጀመር።

የ15 ዓመት ልጅ ለእንቁጣጣሽ የለበሰችውን ቀሚስ ፎቶ ትለጥፋለች። በየደቂቃው እየከፈተች ታያለች። የጓደኛዋ ፎቶ ባለፈው ሳምንት 200 ላይክ አግኝቷል፤ የእሷ 30 ላይ ቆሟል። ሳይመሽ ታጠፋዋለች። ቀሚሱን ግን ወድዳው ነበር። አሁንም ትወደው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለችም።

ሌላው ጣጣ ተመልካቹ መደባለቁ ነው። ዋሽንግተን ያለችው አክስት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሩና የክፍል ጓደኞች ያንኑ ስቶሪ ያያሉ። ስለዚህ ብዙ ልጆች ሁለተኛ አካውንት ይከፍታሉ። ወላጅ ይህን ሲደርስበት ማታለል ይመስለዋል። እኔ ግን ጤናማ የማደግ ምልክት ሆኖ ይታየኛል፤ በጓደኛና በአክስት ፊት አንድ ዓይነት ሆኖ ያደገ ሰው አላውቅም።

ጉዳቱን በተመለከተ ክርክሩ አልተቋጨም። በ2021 የቀድሞዋ የኩባንያው ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን ከፌስቡክ ይዛ የወጣቻቸው የውስጥ ሰነዶች እንደሚያሳዩት፣ በአካላቸው ቅር ከሚሰኙ ታዳጊ ሴቶች 32 በመቶዎቹ ኢንስታግራም ስሜቱን እንዳባሰባቸው ተናግረዋል። በ2019 ደግሞ ተመራማሪዎቹ ኤሚ ኦርበንና አንድሩ ፕርዚቢልስኪ የ355 ሺህ ያህል ታዳጊዎችን መረጃ መርምረው፣ የዲጂታል ቴክኖሎጂ አጠቃቀም በደኅንነታቸው ላይ ከሚታየው ልዩነት ቢበዛ 0.4 በመቶውን ብቻ እንደሚያስረዳ ጽፈዋል። ሁለቱ ግኝቶች አይጣሉም። አማካይ ቁጥር ያችን የቀሚሷን ፎቶ ያጠፋችውን ልጅም፣ በከተማው እንደሱ ሥዕል የሚወድ አጥቶ በቴሌግራም መሰሎቹን ያገኘውንም አንድ ላይ ይጨፈልቃል። ስለዚህ ስልኩ ላይ ስንት ሰዓት ቆየ ብሎ መጠየቅ ብዙም አያራምድም። ልጁ ሞክሮ የሚተወውን ነገር የሚቆጥረውና የሚያስቀምጠው ማን ነው የሚለው ይበልጥብኛል።

በዚህ ረገድ ካሊፎርኒያ ቀድማለች። ከ2015 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጠቃሚ ራሱ የለጠፈውን የማስወገድ መብት አለው። ሌላ ሰው ቀድቶ ያሰራጨውን ግን ሕጉ አይነካም፤ ልጆችን የሚያሳድደው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይኸው በስክሪንሾት የተያዘው ነው። ኢንስታግራምም ከ2021 ወዲህ የላይክ ቁጥር መደበቅ ያስችላል፤ መደበቁ ግን ለተጠቃሚው ምርጫ የተተወ ነው። ለታዳጊዎች ነገሩ ቢገለበጥ፣ ማለትም ቁጥሩ ከመነሻው ተደብቆ ቢመጣና 18 ዓመት ሲሞላቸው የቀደመውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መሰረዝ ቢችሉ፣ ከዕድሜ ገደቡ የበለጠ ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ። የአውስትራሊያው ልጅ 16 ሲሞላው የሚገባው እዚያው ላይክ ወደሚቆጠርበት መድረክ ነውና።