አውቶፓይለት በርቶ ሳለ የአብራሪው ሥራ

ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ቦሌ ሲደርስ መውረድ ሳይጀምር፣ በ37 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ ማኮብኮቢያውን አልፎ ሄደ። የበረራ ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ቢጠሩም ምላሽ አላገኙም። የተሞላለት መስመር ሲያልቅ አውቶፓይለቱ ተላቀቀ፤ የማስጠንቀቂያ ድምፅም አሰማ። አውሮፕላኑ ከ25 ደቂቃ ገደማ በኋላ በሰላም አረፈ። የአቪዬሽን ዘገባዎች አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበር ሲያመለክቱ፣ አየር መንገዱ ግንኙነት ለጊዜው ተቋርጦ እንደነበር ገልጾ ሠራተኞቹን ማጣራቱ እስኪጠናቀቅ ከበረራ አግዷል።

በዚያ ዕለት መሣሪያው አልተሳሳተም። አውቶፓይለት የሚጠብቀው የተሞላለትን አቅጣጫ፣ ከፍታና ፍጥነት ነው። ተቆጣጣሪው መውረድን ሲፈቅድ አብራሪው አዲሱን ከፍታ ካላስገባ፣ አውሮፕላኑ ባለበት ከፍታ ይቀጥላል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅዳም ሆነ ወደ ሌላ መዳረሻ የሚደረግ በረራ አብዛኛው ክፍል የሚከናወነው በዚሁ መሣሪያ ስለሆነ፣ የአብራሪው ዋና ሥራ መከታተል ይሆናል። መከታተል ደግሞ ከማብረር የቀለለ ሥራ አይደለም።

ስለዚህም አንደኛው ሲያበር ሌላው ይከታተላል፤ በመቆጣጠሪያው ላይ የሚታየው የአሠራር ለውጥም በቃል ይነገራል። መሣሪያው አሁን የሚያደርገውና ቀጥሎ የሚያደርገው ግልጽ ካልሆነ፣ ከኮምፒዩተሩ መስመር ወደ ቀላሉ የአቅጣጫና የከፍታ ትእዛዝ፣ አስፈላጊ ከሆነም ወደ እጅ በረራ መመለስ ይገባል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ2013 እ.ኤ.አ አየር መንገዶች ሁኔታው ሲፈቅድ የእጅ በረራን እንዲያበረታቱ ያሳሰበው ይህ ችሎታ ካልተሠራበት ስለሚደክም ነው።

ይሁንና አብራሪው ያልተነገረውን ሥርዓት ሊከታተል አይችልም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 ማክስ አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ የግራው ሴንሰር የተሳሳተ ልኬት መስጠት ጀመረ፤ አውቶፓይለቱ በርቶ ከ33 ሰከንድ በኋላ ተላቀቀ። ከዚያም ኤምካስ የተባለው ሥርዓት በዚያ አንድ ሴንሰር ተመርቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። አብራሪዎቹ ኤሌክትሪኩን ቆርጠው በእጅ ለማስተካከል ቢሞክሩም ፍጥነቱ ከፍተኛ ስለነበር መሽከርከሪያው አልታዘዝ አላቸው። ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰዎች የሞቱበት የላየን ኤር አደጋ እስኪደርስ ድረስ፣ የአብራሪዎች መመሪያ የኤምካስን አሠራር አያብራራም ነበር።

የኢትዮጵያ መርማሪዎች ለአደጋው ይህንኑ ሥርዓት ተጠያቂ አድርገዋል። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የአብራሪዎቹ አሠራርም በስፋት ሊታይ ይገባ ነበር ብለዋል።

ማክስ ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም ወደ ኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንገደኞች በረራ ሲመለስ ኤምካስ ሁለቱን ሴንሰሮች እያነጻጸረ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር፤ አብራሪዎችም በሲሙሌተር ተለማምደው እንዲበሩ ግዴታ ሆኗል።