«እምዬ ደህና ናት?» ብቻ አይበቃም

ያለፈውን ፋሲካ ያሳለፍኩት ሰሜን ሸዋ ገጠር፣ አያቴ ቤት ነበር። ሌሊት ውሃ ጠምቶኝ ስነሳ አያቴና አክስቴ መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተኝተው አየሁ። የአንዷ ነጠላ ጫፍ ከሌላዋ ነጠላ ጫፍ ጋር ተቋጥሯል። ጠዋት አክስቴን ስጠይቃት ሳቀች። «ስትነሳ እንድትቀሰቅሰኝ ነው። ባለፈው በሌሊት ወጥታ ወንዝ ዳር ነው ያገኘናት» አለችኝ። ሳቋን ሳትጨርስ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

አያቴ 80 ዓመት አልፏታል ይባላል። አቦሉን ጠጥተን ሳንጨርስ ሌላ ቡና ልትቆላ ትነሳለች። እኔን በሞተው አጎቴ ስም ትጠራኛለች። ጎረቤቱ «ጃጅታለች፣ ምን ይደረግ» ብሎ አልፎታል። እውነቱን ለመናገር፣ ከተማ ያለነው የልጅ ልጆችም ያልነው ይህንኑ ነው።

እርጅና ወይስ በሽታ?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በጣም የተለመደው ዓይነት አልዛይመር ሲሆን፣ ከታማሚዎቹ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑትን ይይዛል። በሽታው በእርጅና ዘመን ይበዛል እንጂ ራሱ እርጅና አይደለም።

ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት ማንንም ያጋጥማል። ዕድሜ ልክ ሲሠሩት የኖሩትን ሥራ መሳት፣ የለመዱት መንገድ ላይ መጥፋት፣ ያንኑ ጥያቄ በደቂቃዎች ልዩነት ደጋግሞ መጠየቅ ግን ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ምልክት ነው።

ሁሉም መርሳት አንድ አይደለም። ድብርት፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም የመርሳት በሽታ ሊመስሉ ይችላሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። በቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ መዘባረቅ ከሆነ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ነገ ሳይባል በዚያው ቀን መታየት አለበት።

«ዛሬማ ሚካኤል ነው»

አያቴን መጀመሪያ የወሰድናት ከተማ ወዳለ አንድ ጤና ተቋም ነበር። መርማሪው ቀኑን ጠየቃት። «ዛሬማ ሚካኤል ነው» አለች። ወሩ ከገባ 12 ቀኑ ነበር፤ ልክ ናት። እሱ ግን የፈለገው ቁጥር ስለነበር ስህተት ብሎ አለፈው። ከ100 ላይ 7 ቀንሺ ሲላት ዝም አለች። ጻፊ ሲላት እርሳሱን ገልብጣ ያዘችው። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት።

እኔ በሥራዬ የገበያ ጥናት መጠይቅ አዘጋጃለሁ። ጥያቄው ለተጠያቂው ኑሮ ካልተስማማ፣ ከመልሱ ስለ ሰውየው ብዙ አናውቅም። በዓለም በስፋት የሚሠራበት፣ እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ የወጣውና ከ30 ነጥብ የሚታረመው «ሚኒ ሜንታል» የተባለ ፈተና ማንበብና መጻፍን ይፈልጋል። ያልተማረ ጤነኛ ሰው ሊወድቅበት ይችላል።

ይህን ችግር ያዩ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ፈልገዋል። በታንዛኒያ ገጠር፣ ኪሊማንጃሮ ተራራ አጠገብ በምትገኘው ሃይ ወረዳ የተሞከረው «አይዲያ» የተባለ አጭር ፈተና አረጋውያኑን እርሳስ አያስይዝም፤ በክብሪት እንጨት ቅርጽ እንዲሠሩ ይጠይቃቸዋል። ሌሎች መጠይቆች ደግሞ አብሮ የሚኖረውን ቤተሰብ ለብቻው ያነጋግራሉ፤ ድሮ ትችለው የነበረውና ዛሬ ያቃታት ምንድን ነው ይላሉ።

ሁለተኛዋ ሐኪማችን ያደረገችው ይህንኑ ነው። አክስቴን ለብቻዋ አስቀምጣ ስለ እንጀራው፣ ስለ ገበያው ሒሳብ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ጠየቀቻት። ደም አስመረመረች፤ ግፊቷን ለካች፤ ዓይኗንና ጆሮዋን አየች። በሽታው አለ፤ መጨረሻው አልተለወጠም። ነገር ግን የደም ግፊትና የዓይን ሞራ ተገኘባት። ሞራው ከተገፈፈላት ወዲህ ጥላ አይታ በሌሊት መደንገጧ ቀንሷል።

ማንም ያልጠየቃት ሴት

ሐኪሟ ከመለያየታችን በፊት ወደ አክስቴ ዞራ «እርስዎስ ይተኛሉ?» አለቻት። አክስቴ መልስ አልሰጠችም፤ አለቀሰች። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ እሁድ እደውል ነበር። «እምዬ ደህና ናት?» እላለሁ፤ «ደህና ናት» ትለኛለች፤ ስልኩ ይዘጋል። እሷን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።

የተንከባካቢ ጫናም ይለካል። ስቲቨን ዛሪት የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት መጠይቅ 22 ጥያቄዎች አሉት። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይመዘናል፤ ድምሩ እስከ 88 ይደርሳል። ለራስ የሚሆን ጊዜ ስለማጣት፣ ስለ ጤና መጓደልና ስለ ንዴት ይጠይቃል። በእኛ አገር እናትን መጦር ምርቃት ነውና «ደከመኝ» ማለት ነውር ይመስላል። ስለዚህ ራሳቸው እስኪናገሩ መጠበቅ የለብንም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለታማሚዎቹ ከሚሰጠው እንክብካቤ 70 በመቶ የሚሆነው ሰዓት የሴቶች ነው።

ከከተማ ሆነን ምን እናድርግ?

• በበዓል ስትሄዱ ስጦታ ከማደል ባሻገር አንድ ሌሊት ተረኛ ሁኑ፤ ተንከባካቢዋ ትተኛ።
• ምን እንደተለወጠና መቼ እንደጀመረ በማስታወሻ ያዙ። ለሐኪም ትልቅ እገዛ ነው።
• በቀበሌው ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አነጋግሩ፤ ወደ ጤና ጣቢያ መላኪያው መንገድ ከእሷ ይጀምራል።
• ጸበል የምትወስዱ ከሆነ የግፊቱን መድኃኒት አታስቁሙ።
• የቤተሰብ ስልክ ቁጥር በቀሚሷ ጠርዝ ላይ ይሰፋ። እሳትና ጉድጓድ ይከለል።
• ስትሳሳት አትከራከሯት። በሞተው አጎቴ ስም ስትጠራኝ «አቤት» እላለሁ።

እኛ ስምንት የልጅ ልጆች እንደ ዕቁብ ወር በወር እናዋጣለን። በገንዘቡ የመንደሩ አንዲት ሴት በሳምንት ሦስት ቀን አክስቴን ታግዛለች። ከመካከላችን አንዱ ደግሞ በየወሩ ቅዳሜና እሁድን እዚያ ያድራል። ነጠላው አሁንም ይቋጠራል፤ በእኛ ተራ ግን የሚቋጠረው ከእኛ ጋቢ ጋር ነው።

ባለፈው በ21 ስደውል አክስቴ ስልኳን አላነሳችም። ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ማርያም ማኅበሯ ሄዳ ነበር።